ፍሬን ሲያልቅ ማን ይክፈል? በመኪና ባለቤቶችና በዲለሮች ሙግት ላይ የቀረበ ዳሰሳ

አዲስ መኪና ገዝቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው «የኋላ ፍሬንዎ አልቋል፤ ዋራንቲው ግን ይህን አይሸፍንም» የተባለ ሰው ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ዋራንቲው የሚሸፍነው ምኑን ነው? ዘይት ሊያስቀይር ሄዶ የአራቱም ጎማ ፍሬን ይቀየር የሚል የብዙ መቶ ዶላር ዝርዝር የተሰጠው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው፦ እውነት አልቋል ወይስ ሥራ ፈልገው ነው? በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወገኖቻችን ሁለቱንም ጥያቄዎች ያውቋቸዋል። ለእነርሱ መኪናው የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከመከራከር ይልቅ ከፍሎ መውጣትን ይመርጣሉ።

ሁልጊዜ ከፍሎ መውጣት ተገቢ አይደለም፤ ሁልጊዜ ተቆጥቶ መውጣትም አያዋጣም። በፍሬን ጉዳይ ባለቤቱ ልክ የሚሆንበትም፣ ዲለሩ ልክ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚለየው የሸራው ውፍረት በሚሊሜትር ተለክቶ በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሸራ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ዋራንቲው ምን እንደሚል፣ ዲለሩ ለምን እምቢ እንደሚል፣ ሕጉ በየአገሩ ለባለቤቱ ምን መብት እንደሰጠ መቃኘትና በመጨረሻም ፍርድ መስጠት ነው።

ሸራው ራሱ ምን ይመሰክራል?

የፍሬን ሸራ፣ አሜሪካ ያለው ሰው ብሬክ ፓድ የሚለው፣ እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ሁለቱ ሸራዎች የሚሽከረከረውን ዲስክ ከሁለት ወገን ጨምቀው ይይዙታል፤ የመኪናው ጉልበትም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በተያዘ ቁጥር ሸራው በጥቂት በጥቂቱ ይፋቃል። አዲስ ሸራ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ወደ 3 ሚሊሜትር ሲወርድ መቀየር እንዳለበት በሙያው የተለመደ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ የምትገጠም ትንሽ ብረት አለች፤ ውፍረቱ ወደዚያ ሲጠጋ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። ጩኸቷን ችላ ያለ ሰው ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሸራው በላይ ዋጋ ያለውን ዲስክ ጨምሮ ይከፍላል።

ዕድሜውን የሚወስነው ነጂውና መንገዱ ናቸው። በአውራ ጎዳና ረጅም ርቀት የሚነዳ መኪና በአንድ ሸራ 70,000 ማይል ሊሄድ ይችላል። ያው መኪና በከተማ ውስጥ ከመብራት መብራት እየቆመ ተሳፋሪ ሲያመላልስ ከዚያ እኩሌታ ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል። ይህን ለኢትዮጵያ ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርደውን ቁልቁለት በማርሽ ይዞ የሚወርደውና ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርደው እኩል እንደማያወጡ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ለሙግቱ ቁልፉ ሸራው ምን ያህል እንዳለቀ ሳይሆን በምን ዓይነት እንዳለቀ ማየቱ ነው። የአንዱ ጎማ ሁለት ሸራዎች ወጥተው ጎን ለጎን ይቀመጡ። የውጭኛው 7 ሚሊሜትር፣ የውስጠኛው 2 ሚሊሜትር ቢሆን ይህን ያደረገው የነጂው እግር አይደለም፤ እግር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚያሠራቸው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል ወይም ዝገዋል፤ አለዚያም ፒስተኑ ከገፋ በኋላ አልመለስ ብሏል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የቀኙ ጎማ ሸራ ተበልቶ የግራው ገና ደህና ከሆነም ጥርጣሬው ወደ ካሊፐሩ ወይም ወደ ዘይት ቱቦው ይሄዳል። በአንጻሩ የፊት ሸራዎቹ ግራና ቀኝ፣ ውስጥና ውጭ ተቀራራቢ ሆነው ካለቁ፣ አልቆ የተገኘው ዕቃ ሥራውን ሠርቶ ነው ያለቀው። እዚህ ላይ ዲለሩ «አይሸፈንም» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ጉዳይም ከዚሁ ይቆጠራል። ሁሉም «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል፤ ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ መለያየት ነው። ልዩነቱ ከሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች ባይዘልም እግርና እጅ ያውቁታል። ከምክንያቶቹ አንዱ የጎማ ብሎኖች በአየር ማጥበቂያ ያለ ልክ፣ አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ መታሰራቸው ነው። ስለዚህ ዲለሩ «ጎማ ያሠሩበት ቦታ ነው ያበላሸው» ሲል፣ ባለቤቱም «ጎማዬን ያዟዟራችሁት እናንተው ናችሁ» ሲል ሁለቱም ሊያስረዱት የሚችሉት ነገር አላቸው። ማን መቼ ጎማውን እንደፈታ የሚያሳይ ደረሰኝ ያለው ወገን ይቀድማል።

ዋራንቲው የሚለውና የማይለው

አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ፣ ሆንዳና ፎርድን ጨምሮ ብዙ አምራቾች የሚሰጡት አጠቃላይ ዋራንቲ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ያበቃዋል። ዋራንቲው የሚሸፍነው የማቴሪያል ወይም የአሠራር ጉድለትን ነው። በአጠቃቀም የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ማለትም የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ ጎማና ማጣሪያዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው ወይም አጭር ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ፎርድ ለፍሬን ሸራ 12 ወር ወይም 18,000 ማይል የሚል የራሱ ገደብ አለው። ቢኤምደብሊው ደግሞ በአሜሪካ ለዓመታት በነጻ ጥገናው ውስጥ የፍሬን ሸራንና ዲስክን ያካትት ነበር፤ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ግን ጊዜውን ወደ 3 ዓመትና 36,000 ማይል አሳጥሮ ሸራና ዲስክን አወጣ። የቀድሞውን አስታውሶ አዲሱን የገዛ ደንበኛ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከመኪናው ጋር የሚሰጠው የዋራንቲ መጽሐፍ ችግር ከመምጣቱ በፊት መነበብ ያለበትም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው፦ ሸራው ባይሸፈንም ሸራውን የበላው ዕቃ ሊሸፈን ይችላል። ካሊፐር፣ የካሊፐር ፒን፣ የዘይት ቱቦ፣ ማስተር ሲሊንደርና ኤቢኤስ በመደበኛ አጠቃቀም ያልቃሉ ተብለው የሚታሰቡ ዕቃዎች አይደሉም። ከነዚህ አንዱ ጉድለት ኖሮበት ሸራውን ያለ ጊዜው ካስጨረሰ፣ ሸራው የጉድለቱ ውጤት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስለዚህ «ሸራዬን በዋራንቲ ቀይሩልኝ» የሚል ሰው ገና ሲጀምር ተረቷል። «ሸራው እኩል ያላለቀበትን ምክንያት መርምሩና በሥራ ትእዛዙ ላይ ጻፉልኝ» የሚል ግን ዲለሩ እምቢ ሊለው የሚቸገርበትን ጥያቄ ነው ያቀረበው።

«ለዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው ሸራ» የሚባለውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። በብዙ ቦታ ነጻ የሚሆነው ሸራው ብቻ ነው። የእጅ ዋጋው፣ ዲስኩና ሌላው ሁሉ በደንበኛው ይከፈላል። በፍሬን ሥራ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነዚያው ናቸው።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሒሳብ

ዲለሩ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ያልገባው ሰው ሙግቱን በግል ጥላቻ ይተረጉመዋል። ጉዳዩን ግን የሚያሽከረክረው አከፋፈሉ ነው። የዋራንቲ ሥራ ሲሠራ ከፋዩ አምራቹ ነው። አምራቹ ለሥራው የሚቆርጠው ሰዓት ከደንበኛ ከሚከፈለው ያነሰ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በኋላም መዝገብ እያገላበጠ ይመረምራል። ማስረጃ የጎደለው የዋራንቲ ሥራ ካገኘ የከፈለውን ከዲለሩ መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ያለቀ ሸራን «ጉድለት ነው» ብሎ የመዘገበ ዲለር ገንዘቡን ከኪሱ ሊያወጣ ይችላል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሠራተኛ «አልችልም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የሚችለው የአምራቹ የአካባቢ ተወካይ ነው። ዋራንቲ ካለፈ በኋላም ቢሆን አምራቹ በበጎ ፈቃድ ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ይህን የሚያገኘው ግን በአምራቹ የደንበኞች መስመር ደውሎ የጉዳይ ቁጥር ያስከፈተና መኪናውን በወቅቱ ሰርቪስ ሲያስደርግ የቆየ ሰው ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ያላለቀውን «አልቋል» የማለት ፈተና ነው። በብዙ ዲለሮች ደንበኛ የሚያስተናግደው ሠራተኛ ከሸጠው ሥራ ኮሚሽን ያገኛል። መካኒኩም የሚከፈለው የሠራው ሰዓት ተቆጥሮ ሳይሆን ለሥራው በመጽሐፍ በተመደበው ሰዓት ነው። የሁለት ሰዓት ሥራን በአንድ ሰዓት የጨረሰ የሁለት ሰዓት ያገኛል። ፍሬን ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ ሥራው የታወቀ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ደንበኛውም ስለ ልጆቹ ደኅንነት ሲነገረው ይፈራል። ይህ ሁሉም ያታልላል ማለት አይደለም፤ ሐቀኛ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሰው በሸጠው ልክ በሚከፈልበት ቦታ ልኬት ሳያዩ ማመን አይገባም።

ልኬቱም ቢሆን በመቶኛ ሲቀርብ ያሳስታል። «50 በመቶ አልቋል» ተብሎ በቀይ ቀለም የታየ ሰው ይደነግጣል። በሚሊሜትር እንየው። ሸራው አዲስ ሳለ 11 ሚሊሜትር ነበር እንበል፤ 30,000 ማይል ከተነዳ በኋላ 7 ሆኗል። 30,000 ማይል 4 ሚሊሜትር በላ ማለት ነው። ከ7 እስከ 3 ድረስ ሌላ 4 ሚሊሜትር አለ። በዚሁ አነዳድ ገና 30,000 ማይል ይቀረዋል። ይህን ሒሳብ ማንም በስልኩ ይሠራዋል፤ የሚያስፈልገው የአዲሱንና የዛሬውን ውፍረት፣ የተነዳውንም ማይል ማወቅ ብቻ ነው።

ሦስት የታወቁ ጉዳዮች

በፍሬን ሥራ ታሪክ ትልቁ ቅሌት የተነሳው ከዲለር ሳይሆን ሲርስ ከተባለው ትልቅ መደብር የመኪና ጥገና ማዕከሎች ነው። የካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ቢሮ ማንነታቸውን የደበቁ መርማሪዎች ላከ። መኪኖቹ ፍሬናቸው ያለቀ፣ በተረፈ ግን ደህና ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከ38 ጉብኝቶች በ34ቱ አላስፈላጊ ሥራ ተሽጧል። ለዚህ የዳረገው በሠራተኞቹ ላይ የተጫነው የሽያጭ ኮታና ኮሚሽን መሆኑ ተነገረ። ኩባንያው ከግዛቶች ጋር ታረቀ፤ ለደንበኞች የ50 ዶላር ኩፖን ሰጠ፤ የአገልግሎት አማካሪዎቹንም የኮሚሽን አከፋፈል አነሳ። ከጉዳዩ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ ፍሬኑ በእርግጥ አልቆ መገኘቱ ብቻውን የተጻፈው ዝርዝር ሁሉ ልክ ነው አያሰኝም። እውነተኛው ችግር ለሐሰተኛው መግቢያ በር ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው የሆንዳ ነው። የ2008 እስከ 2010 ሞዴል አኮርድና የ2009 እና 2010 ሞዴል አኩራ ቲኤስኤክስ ባለቤቶች የኋላ ሸራቸው ከተለመደው እጅግ ቀድሞ፣ አንዳንዱ 20,000 ማይል እንኳ ሳይሞላ፣ እንደሚያልቅ አማረሩ። ከየዲለሩ ያገኙት መልስ ያው የተለመደው ነበር፦ «የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ያነዳድዎ ሁኔታ ነው»። እያንዳንዱ ብቻውን ሲናገር አነዳዱ ተወቀሰ፤ ብዙዎች ተመሳሳይ ነገር ሲናገሩ ግን ጥያቄው ወደ ንድፉ ዞረ። በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ቀረበ፤ በ2010ም በዕርቅ አለቀ። ሸራ ላስቀየሩ ባለቤቶች የወጪያቸው ከፊል፣ በጣሪያ የተወሰነ ካሳ ተመለሰላቸው፤ የተሻሻለ ሸራም ቀረበ። የፊት ሸራ ከኋላው ቀድሞ ማለቁ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበርና የኋላው መቅደሙ ብቻውን ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚታገዙ መኪኖች የኋላውን ፍሬን ይበልጥ ስለሚያሠሩ የኋላው ቢቀድም ሁልጊዜ ጉድለት ነው ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ የራስን መኪና ከሌሎች ተመሳሳይ መኪኖች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አምራቾች ለዲለሮቻቸው የሚልኳቸው የቴክኒክ ማስታወቂያዎች በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፤ በመኪናው ሞዴልና ዓመት ፈልጎ ማንበብ ይቻላል።

ሦስተኛው የሚኒ ነው። ሚኒ የቢኤምደብሊው ክፍል ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2015 እንዳስታወቀው፣ ድርጅቱ ዋራንቲው እንዲጸና ባለቤቶች በሚኒ ዲለር ማሠራትና የሚኒ ዕቃ መጠቀም አለባቸው የሚል አቋም ይዞ ነበር። ይህ በ1975 የወጣውን የማግነሰን ሞስ የዋራንቲ ሕግ ይጥሳል ተባለ፤ ድርጅቱም በስምምነት ታረመ። የሕጉ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ ሸራውን ውጭ ጋራዥ አስቀይረሃል ተብሎ ብቻ ዋራንቲ አይሰረዝም። ውጭ የተገጠመው ዕቃ ወይም ሥራ ጉዳቱን ማድረሱን ማሳየት ያለበት ዋራንቲ የሚከለክለው ወገን ነው። ሰፈር ያለውን ሐበሻ መካኒክ «ዋራንቲዬ ይበላሽብኛል» ብሎ የሚሸሽ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ መካኒኩም ደረሰኝ መስጠት አለበት።

ሕጉ በየአገሩ

የአሜሪካ ግዛቶች የጥገና ሕግ ከብዙዎች ግምት በላይ ለደንበኛ ያደላል። በሜሪላንድ ከ50 ዶላር በላይ ለሚሆን ጥገና ደንበኛው ከጠየቀ የጽሑፍ የዋጋ ግምት ሊሰጠው ይገባል፤ ያለ ፈቃዱ ከግምቱ በ10 በመቶ የበለጠ ሊያስከፍሉት አይችሉም። በቨርጂኒያም ተመሳሳይ ሕግ አለ፤ መነሻው 25 ዶላር ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ የመጠየቅ መብትም በሁለቱም አለ። አሮጌው ሸራ በእጅ ካለ በማንኛውም ጊዜ ይለካል፤ ከተጣለ ግን የሚቀረው የቃል ክርክር ነው።

ሜሪላንድ ለአዲስ መኪና ያወጣችው ሕግ ለፍሬን ልዩ ቦታ ሰጥቷል። በመጀመሪያው 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ውስጥ መኪናው የግዛቲቱን የደኅንነት ምርመራ እንዳያልፍ የሚያደርግ የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት ገጥሞት በመጀመሪያው ጥገና ካልተስተካከለ፣ ባለቤቱ መኪናው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ለሌላ ዓይነት ብልሽት ብዙ ሙከራ ይጠበቃል። ይህ የሚመለከተው ብልሽትን እንጂ የሸራ ማለቅን አይደለም። ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ደግሞ አምራቹ ከዋራንቲው ውጭ ለአንድ ችግር ወጪ ለመሸፈን ከወሰነ ውሳኔውን ለሚመለከታቸው ባለቤቶች በፖስታ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። ዓላማው የጮኸ ብቻ እንዳይጠቀም ነው።

የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ለሙግቱ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። እዚያ ሸራ የሚወድቀው ከ32ኛ ኢንች ሁለት እጅ ሲያንስ ነው፤ ወደ 1.6 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። በብሪታኒያም ዓመታዊው ምርመራ የሚጥለው ከ1.5 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ነው። ስለዚህ 4 ሚሊሜትር ያለውን ሸራ «ቶሎ ቢቀየር ጥሩ ነው» ማለት ምክር ሊሆን ይችላል፤ «ኢንስፔክሽን አያልፍም» ማለት ግን ስሕተት ነው። በቨርጂኒያ ቢወድቅ እንኳ መኪናው 15 ቀን ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ የጣለው ጋራዥ ዘንድ እንዲያሠራ አይገደድም። በዋሽንግተን ዲሲ ለግል መኪና የሚደረገው የደኅንነት ምርመራ በ2009 ስለቀረና ሜሪላንድም በዋናነት መኪና ሲሸጥና ስም ሲዛወር ብቻ ስለምትመረምር፣ በእነዚህ አካባቢዎች ፍሬኑን በጊዜ የማስለካቱ ኃላፊነት የነጂው ነው።

አውሮፓ የሚኖረው ወገናችን የሚመካበት ከአምራቹ ዋራንቲ የተለየ የሕግ ዋስትና አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሻጩ ለአዲስ ዕቃ ጉድለት ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት ከርክክቡ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚለው ሻጩ ያስረዳል። በብሪታኒያ ይህ ግምት ለስድስት ወር ይቆያል። ይሁን እንጂ በአጠቃቀም ማለቅ በየትኛውም አገር ጉድለት አይባልም። እዚያም ቢሆን ሙግቱ የሚመለሰው ወደዚያው ጥያቄ ነው፦ እኩል ነው ያለቀው ወይስ አንዱ ብቻውን ተበልቶ?

ኃይብሪድ፣ ኤሌክትሪክና የአገር ቤት ሁኔታ

የኃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና መብዛት ሙግቱን ገልብጦታል። ነጂው እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳና ፍሬን ቀስ ብሎ ሲይዝ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሸራው የሚሠራው ጥቂት ነው። በፕሪየስ የመጀመሪያው ሸራ ከ100,000 ማይል በላይ መሄዱ ለታክሲ ነጂዎች እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ኃይብሪድ መኪና በ40,000 ማይል ሸራ ይቀየር ከተባለ ልኬት ማየት ግድ ነው። በሌላ በኩል ብዙ የማይሠራ ፍሬን ዝገት ይይዘዋል፤ ፒኑ ይደርቃል፣ ሸራው ይጣበቃል። እዚህ የሚያስፈልገው በየጊዜው ማጽዳትና መቀባት ነው። ለዚህ የሚጠየቅ መጠነኛ ገንዘብ ያለ አግባብ ተወሰደ አይባልም።

ይህ ለአዲስ አበባ አዲስ ጉዳይ ሆኗል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗን ካስታወቀች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማዋ በዝቷል። እንደ ቀድሞው ሸራ አልቋል ወይ ብሎ ብቻ የሚያይ ጋራዥ አይበቃውም፤ ውፍረቱ ሙሉ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ሸራ ሊያጋጥመው ይችላል። ዋራንቲ የሚሰጡ ሻጮች ደግሞ ፍሬንን በተመለከተ ምን እንደሚሸፍኑና ምን እንደማይሸፍኑ በአማርኛ በግልጽ ጽፈው መስጠት አለባቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሸራ የሚገዛ ሰውም ቢሆን ደረሰኝ ላይ የዕቃው ስምና ቁጥር እንዲጻፍለት ካላደረገ፣ «ኦሪጅናል ነው» የተባለው ቃል በኋላ አያዋጣውም።

ምን ይደረግ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ለፍሬን ሙግት ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። መኪናው ለማንኛውም ሥራ ዲለር በገባ ቁጥር የአራቱም ጎማ ሸራ ውፍረት በሚሊሜትር፣ የውስጥና የውጭ ተለይቶ፣ ከማይሉና ከቀኑ ጋር እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ዲስክ ይቀየር ከተባለም ዲስኩ ላይ የታተመውን ዝቅተኛ ውፍረትና የተለካውን ጎን ለጎን ማየት ነው። ልኬት የሌለው «ይቀየር» አይፈረምም።

ቅሬታ ሲኖር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሰርቪስ ኃላፊውን፣ ቀጥሎ የአምራቹን የደንበኞች መስመር ማነጋገር፤ የጉዳይ ቁጥሩን መያዝ። ከዚያ በሌላ ጋራዥ በጽሑፍ የተደገፈ ሁለተኛ አስተያየት ማግኘት፤ የምርመራው ዋጋ ከማያስፈልግ ፍሬን ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ካልሆነ ለግዛቱ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ማመልከት ይቻላል። ፍሬኑ አልይዝ ያለበት፣ ፔዳሉ የጠለቀበት ወይም መኪናው ወደ አንድ ወገን የጎተተበት ጉዳይ ከሆነ ለመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣኑ ጭምር ማሳወቅ ይገባል፤ አንዱ የሚያስመዘግበው ቅሬታ የሌላውን ሕይወት የሚያተርፍ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ መኪኖቹን ለጥገና የሚጠራበትን ጥሪ፣ ሊያስከትል ይችላል፤ የሪኮል ጥገናም ለባለቤቱ በነጻ ነው። የመጨረሻው መንገድ የአነስተኛ ክሶች ችሎት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እስከ 10,000፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክስ ያለ ጠበቃ ይቀርባል። ዳኛው የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ ያለው ሰው አስተርጓሚም ይዞ ቢሆን ይረታል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ሙግቱ እስኪያልቅ ተብሎ ባለቀ ሸራ አይነዳም። ገንዘቡ በኋላ ይመለሳል፤ ሕይወት አይመለስም። አስፈላጊው ሥራ ይሠራ፣ ክፍያው «ተቃውሞዬን ይዤ ነው» ተብሎ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ አሮጌው ሸራ ይወሰድ፣ ክርክሩ ከዚያ ይቀጥል።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ዋራንቲ አለመሸፈኑ በራሱ በደል አይደለም፤ ነዳጅን ማንም በዋራንቲ አይጠይቅም። በደሉ «አልቋል» ብሎ ልኬቱን አለማሳየት፣ እኩል ያላለቀውን «ያነዳድዎ ሁኔታ ነው» ብሎ መሸኘት፣ አሮጌውን ዕቃ ሳያሳዩ መጣል ነው። ክፈል የሚለው ወገን ለክቶ የማሳየት ግዴታም አለበት። ዲለሮችና ጋራዦች፣ አዲስ አበባም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ የሸራውን ውፍረት በእያንዳንዱ ሰርቪስ ወረቀት ላይ ሳትጠየቁ ጻፉ። አንባቢም በሚቀጥለው ሰርቪስ ወረቀቱን ሳይፈርም በፊት ሚሊሜትሩን ይጠይቅ።